የሊያን «የመጀመሪያ» ቤት

ጎረቤቴ ሊያን በሃምሳ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ልትገዛ እንደሆነ ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከባሏ ጋር በከተማችን በዴሎሬይን መግቢያ ላይ ያን የመሰለ የጡብ ቤት እንደነበራት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሲፋቱ ተሸጠ፤ ድርሻዋንም ጠበቃና የቤት ኪራይ በሉት።

«ሁለት ወልደሽ ድንግል ነኝ እንደ ማለት ነው እኮ» አልኳት።

እሷ ግን ከባንክ ነው የመጣችው። ዐሥር ዓመት ሙሉ በስሙ ቤትም መሬትም ያልነበረው ሰው እንደ አዲስ ገዢ ይቆጠራል፣ መንግሥት ዋስ ይሆነዋል ብለዋታል። ያለ ዋስ ብድሩ የማይታሰብ ነው። አከራይዋ ደግሞ አሁን ያለችበትን ቤት ሊሸጠው ነውና እሷ ካልገዛችው ለሌላ ይሸጠዋል፤ እሷም ትወጣለች።

እሑድ እኔ ቤት ምሳ ልንቀርብ ስንል ታላቅ ወንድሟ ክላይቭ ያጠመደውን ዓሣ ይዞልን መጣና ይህንኑ ሰማ። ክላይቭ አባታቸው ሐይቁ ዳር በተወላቸው የቆርቆሮ ጎጆ የሚኮራ ሰው ነው፤ «ርስታችን» ሳይል አይጠራትም። ሳያስበው «ታዲያ ርስታችንስ? ያንቺም ስም አለበት እኮ» አለ።

ሊያን ሹካዋን አስቀመጠች። ከዓመታት በፊት መንግሥት የሐይቁን ዳር መሬት ለባለ ጎጆዎቹ ሲሸጥ ክላይቭ ነበር ጉዳዩን የያዘው፤ «ጨርሻለሁ» ስላላት ገዝቷል ብላ ኖራለች፤ ከገዛ ደግሞ እሷም ባለ መሬት ናት፣ የመንግሥት ዋስትናው ቀረ ማለት ነው። እህል ሳትቀምስ ወደ ቤቷ ገባች። ክላይቭም ዓሣውን ሲቆራርጥ ቆየና ሳይበላው ሄደ።

ሊያን መደበቅ አይሆንላትም። ማክሰኞ እኔ ማድ ቤት ተቀምጣ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ፣ ለባንኩ ሴት ደወለችላትና ስለ ጎጆዋ ነገረቻት። ሴትየዋ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀች። ሊያን የእኛ ነው ልትል አፏን ስትከፍት ክላይቭ ከበር ላይ ገባ። ለካ ከውጭ ቆሞ ኖሯል።

«የኛ አይደለም» አለ፣ ቆቡን አውልቆ። «የመንግሥት ነው። በየዓመቱ ፈቃድ እያሳደስን ነው የምንቀመጥበት።»

ሊያን ዞር ብላ አየችው። «ጨርሻለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«ከነሱ ጋር መነጋገሩን ነው የጨረስኩት። አባቴ የኖረበትን መሬት በገንዘብ ግዛ ሲሉኝ፣ የራሴን እኔው ልግዛ ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።»

ሐይቁ ዳር ያሉት ጎረቤቶቹ ሁሉ ገዝተዋል። እሱ በመካከላቸው እንደ ባላባት ሲንጎራደድ ኖሯል፤ ለካ እንግዳ ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔም ለወጉ ያህል መስኮቱን አየሁ።

ሴትየዋ ስልኩ ውስጥ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጎጆዋ የቆመችው በዓመት ፈቃድ ብቻ ከሆነ እንደ መሬት ባለቤትነት እንደማይቆጠር፣ ፈቃዱን እንዲልኩላት፣ ጉዳዩም እንደሚቀጥል ነገረቻቸው።

ስልኩ ሲዘጋ ሊያን ትስደበው ትሳመው ጨነቃት። ኋላ ሁለቱንም አደረገች።

«እንግዲህ ወንድምዬ» አለችው እንባዋን እየጠረገች፣ «ብድሩ ይውጣ እንጂ ከሁለታችን መሬት የሚኖረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስትመጣ በር አንኳኳ።»

«እንግዲያ የግቢሽን ሣር ከዛሬ ጀምሮ ራስሽ እጨጂያ» አላትና ቆቡን ደፋ።

ቅዳሜ ጠዋት በሣር ማጨጃ ጩኸት ነቃሁ። ክላይቭ ነበር፤ ሊያን ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ጥጉን ዘለልከው እያለች ታዘዋለች።