ያልገጠመው ደም

ስታሜና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለልጇ ጧፍ የምታበራው ከማብሪያው ላይኛው መደብ ላይ ነው። ላይኛው ለሕያዋን፣ ታችኛው ለሙታን ነው። ልጇ ኦግኔን ከጦርነቱ ሳይመለስ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም፣ ጧፉን ወደ ታች አውርጂው ያላትን ሁሉ ታኮርፋለች። ማስረጃም አላት። አጽም በተገኘ ቁጥር በጦርነቱ የጠፉትን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት እሷ ከሰጠችው ደም ጋር ያመሳክራል፤ አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም። "አልገጠመም" ባሏት ቁጥር ደስታዋን አትችለውም።

ቤቷ ግን ሰላም የለውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ምድጃው አጠገብ ከተቀመጠች፣ ከጀርባዋ ሕፃን ጡት ሲጠባ ይሰማታል። ዞር ስትል ማንም የለም። ጃጀች እንዳይሏት ለማንም አልተነፈሰችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው መምህር ሚሉቲን ደብተሩን ይዞ መጣ። ሰርቦች ስማቸውን ከየት እንዳገኙት መጻፍ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። የመንደሩ ሰው እሱን መስማት ሰልችቶታል፤ የምታዳምጠው እሷ ብቻ ቀርታለች።

"ዛሬ ደግሞ እነማን ሆነን ተገኘን?" አለችው የፕለም ፍሬ አረቄ እየቀዳችለት።

"አትቀልጂ እትዬ ስታሜና። አንዳንዱ ሊቅ ሰርብ ዘብ የሚቆሙ ማለት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ፉት ማለት፣ መጥባት ከሚል ጥንታዊ ቃል የመጣ ነው ይላል። ከአንድ ጡት የጠቡ፣ በደም ባይገናኙም ወገን የሆኑ።"

"የቱ ነው እውነቱ?"

"እርግጡን የሚያውቅ የለም። እኔ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።"

"በደም ባይገናኙም ነው ያልከው? ወተቱ ደም አይሆንም?"

"ወተት መቼ ደም ሆኖ ያውቃል?"

ስታሜና ጠርሙሱን አስቀመጠች፤ ምሽት ምሽት ከጀርባዋ የምትሰማው ሕፃን ትዝ አላት። ኦግኔንን አልወለደችውም። ጎረቤቷ ያግሊካ በወሊድ ስትሞት፣ የራሷን ጨቅላ በዚያው ሳምንት የቀበረችው ስታሜና ልጁን አንስታ አጠባችው፤ ከባሏ ጋር ወደዚህ መንደር ስትወርድ እንደ ልጇ ይዛው መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ካጠባችው፣ ደሙ የእሷ ካልሆነ የማን ይሆናል? እንዲህ ነበር የምታስበው። ወተት ደም ካልሆነማ የእሷ ደም መቼም አይገጥምም፤ እሷ ደስ ሲላት ልጇ ግን ቁጥር ተለጥፎበት ከማያውቃቸው አጥንቶች ጋር ተኝቶ ኖሯል። አሁን ብትናገር ደግሞ በወረቀት የሌላ ሴት ልጅ ሊሆን ነው። በሞተች ሴት ቀናች፤ በቅናቷም አፈረች።

"መምህር፣ ጻፍ" አለችው በመጨረሻ። "ያግሊካ የምትባል ሴት ነበረች። እህቷ ሮክሳንዳ ከተራራው ማዶ ትኖራለች። የእሷን ደም ይውሰዱ።"

"ለመጽሐፉ ነው?"

"ለልጄ ነው።"

በፀደይ የሮክሳንዳ ደም ከአንዱ አጽም ጋር ገጠመ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሮክሳንዳን "አክስት" ብሎ መዘገበና ወደ ስታሜና ዞረ።

"እርስዎስ ምኑ ነዎት?"

"አጥብቼዋለሁ።"

"እንደሱ የሚል ፎርሙ ላይ የለም፣ እናቴ።"

"ምን የሚል አለ?"

"ጎረቤት፣ ወዳጅ፣ ሌላ።"

"ሌላ በለው" አለችና ልጇን ልትረከብ ተነሣች።