ሰዓት የተያዘበት ንባብ

ቡታጅራ ውስጥ አስረስን የማያውቅ ወላጅ ማን አለ? ከጎንደር ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ልጆቻችሁን እቤት አስነብቡ» እያለ ወላጅ ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። ለሰው መምከር ማንን ይቸግራል! ጉዱ ያለው እሱው ቤት ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ማዕዶት አታነብም።

ማስነበቡንስ ያስነብባታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣትና በስልኩ ሰዓት ይይዛል፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበች ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ገና አፏን ስትከፍት «ተሳሳትሽ!» ይላታል። ልጅቷ መጽሐፍ ባየች ቁጥር በር በሩን ማየት ጀመረች። ልክ ሲለቃት ወደ ጎረቤታቸው ወደ በርበሬ ነጋዴዋ ከድጄ ሱቅ ትሮጣለች።

«ፊደል ካልቆጠረች ሴትዮ ምን ልትማሪ ነው?» እያለ ይቆጣታል።

አስረስ ግን አፉ አያርፍም፤ በዘንድሮው ሥልጠና መሐል «በመዝጊያው ቀን የእኔው ልጅ ፊታችሁ ታነባለች» ብሎ ፎከረ። አይ አስረስ! ማን ጠየቀህ?

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከድጄም የማዕዶትን ንባብ ልስማ ብላ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። አስረስ መጽሐፉን ለልጁ ሰጣትና ስልኩን አውጥቶ «ጀምሪ!» አላት።

ማዕዶት ዝም። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ዝም። አስረስን ላብ አጠመቀው። ከዛሬ ወዲያ ማን ይሰማኛል ብሎ መሬት ብትውጠው በወደደ።

በዚህ መሐል የከድጄ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ከኋላ ብድግ አለችና፣

«ማዕዱዬ፣ የጀማሉ መልእክት ሳይሆን አይቀርም። ለአረፋ ይመጣል ወይስ ቀረ? ወላሂ እንቅልፍ አጥቻለሁ!» አለች። ጀማሉ ሐዋሳ የሚሠራው ልጇ ነው፤ ሁለት ዓመት አላየችውም።

ማዕዶት መጽሐፉን ጥላ ሮጠች። ስልኩን ተቀብላም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ሐሙስ እገባለሁ። በሬውን ያለ እኔ እንዳትገዙ» ብላ አንዴም ሳትደናቀፍ አነበበችው።

ከድጄ እልልታዋን አቀለጠችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ «ጋሽ አስረስ፣ ሥልጠናህ ሠራ!» አሉት። እሱም ምን ያድርግ፣ እጅ ነሣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አላስቻለውም።

«እሷ ጋ እንዲህ የምታነቢ፣ እኔ ጋ ምን ትሆኛለሽ?»

«እትዬ ከድጄ እኮ ካላነበብኩላት አታውቅም» አለች ማዕዶት። «አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

በማግሥቱ አስረስ ሰዓት አልያዘም። ጋዜጣ ዘረጋና ዓይኑን እያሻሸ፣ «ማዕዱ፣ መነጽሬ ጠፋብኝ። እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አላት።

ልጅቷ ጋዜጣውንም እሱንም አየችና፣ «አባዬ፣ መነጽርህ ኪስህ ውስጥ ነው» ብላው ወደ ከድጄ ሱቅ ሮጠች።