የቁልፍ ሠሪው ቀረፃ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሪሞት አለ፤ አንዱም በወጉ አይታዘዘኝም። አንዱ የቴሌቪዥኑ ነው፣ አንዱ የመቅረጫው ነው፣ ሦስተኛው የምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ ሳይነግረኝ ሄደ። ስጫነው ምንም አይሆንም። ይህም አያሳርፈኝም፤ እኔ በማላየው ቦታ አንድ ነገር በርቶ ወይም ጠፍቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ልጥለው አስቤ ሁለት ጊዜ ከቆሻሻው መልሼ አውጥቼዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ የስፌት መኪና ፔዳሉን ስረግጠው ይሄዳል፣ እግሬን ሳነሳ ይቆማል፣ ከዚያ አልፎ የራሱ ሐሳብ የለውም። መቅረጫው ግን የራሱ ሐሳብ አለው። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተጎለተ ጥቁር ሳጥን ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ አንዴ አዝዞት፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ቀይ መብራቱን አብርቶ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራውን ፕሮግራም ይቀርፃል። ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ዓሣ የሚያውቀው ሳህን ላይ ብቻ ነው። ምኑን ወደድከው ስለው "ሰዎቹ አይቸኩሉም" ይለኛል። እሱ ሲሞት ለሳጥኑ ማን ይንገረው? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መብራቱ ቦግ ይላል፣ እኔም ስፌቴን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የተቀረፀውን ከፍቼ አላየሁም፤ የእሱ ነው ብዬ ነው የማስቀምጠው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ከዓሣዎቹ ሁሉ በፊት ግን ሳጥኑ ውስጥ የገባ አንድ ሌላ ቀረፃ ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ እጅ ሙያ ፕሮግራም ሲያዘጋጁ ሱቁ ድረስ መጥተው ባሌን ቀርፀውት ነበር። በዚያች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቆሞ፣ ጣቶቹ ግራሶ በግራሶ ሆነው፣ የተበላሸ ካዝና ሲከፍት ይታያል። ጠያቂዋ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች፣ መጨረሻ ላይ ስለ እኔም ትጠይቀውና አንድ ነገር ብሎ ይስቃል። ፎቶ መነሳት የሚጠላ ሰው ነበር፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶውም የሚፈለግ ወንጀለኛ ያስመስለዋል። ሲንቀሳቀስ፣ ሲያወራ፣ ሲስቅ የሚታየው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ያንን ከፍቼ አየዋለሁ፣ ከዚያ እህል ውኃ ይወርድልኛል።

ልጄና ባሏ አዲስ ቴሌቪዥን ያመጡልኝ በቅንነት ነው፤ አሁንም ክፉ አልላቸውም። ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው። አማቼ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሽቦ ሲያይ እጁን ይበላዋል። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ሲተክል ወንበሬ ላይ ቆሞ፣ ምላሱን አሾልኮ፣ ላብ በላብ ሆነ።

"መጀመሪያ ምን እንክፈትልሽ?" አለችኝ ልጄ።

"አባትሽን።"

ተከፈተ። ጥርት ብሎ መጣ፣ ጥርት ማለቱስ ጥርት አለ፣ ግን ማን እንደመጣ አላወቅሁም። ሱቁ የባሌ ሱቅ ነው፣ ሸሚዙም በእጄ የሰፋሁለት ነው። ፊቱ ግን በካውያ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልስልስ ብሏል። ዓይኑ ሥር የነበረው መጨማደድ የለም። አገጩ ላይ፣ ሞረድ አምልጦት የቆረጠው ቦታ፣ ጠባሳው የለም። ጣቶቹ ከሱቅ ሳይሆን ከገላ መታጠቢያ የወጡ መስለዋል።

"ይሄ ማነው?" አልኩ።

"አባዬ ነዋ። እንዴት እንዳማረ አየሽ?" አለች ልጄ። ስልኳን አውጥታ ለአክስቷ ልትልክላት ቴሌቪዥኑን መቅረፅ ጀምራለች።

"ጠባሳውስ?"

"የቱ ጠባሳ?"

የገዛ አባቷን ፊት ነው የምትጠይቀኝ። አማቼ ከወንበሩ ወርዶ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

"እማማ፣ የድሮው ቀረፃ ትንሽ ምስል ነው። ለዚህ ትልቅ ቴሌቪዥን አይበቃውም። ስለዚህ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።"

"ከየት አምጥቶ?"

"ገምቶ ነው።"

"የእኔን ባል ፊት?"

"የማንንም ሰው ፊት ይገምታል፣ እሳቸውን ለይቶ አይደለም እኮ።"

እሱስ ነው የከፋኝ። ይሄ እሱ አይደለም፣ አጥፉት፣ የነበረውን መልሱልኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ሪሞት በሪሞት ላይ ተረባረቡ። አንዱን ሲጫኑ ባሌ አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላውን ሲጫኑ ወደ ጎን ተለጠጠ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ በማናውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረ። ሦስተኛውንም ሪሞት ሞከሩት። በመጨረሻ አማቼ "የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እሑድ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ አይነካኩት" አለኝና ሄዱ።

አይነካኩት ይበለኝ እንጂ እንዴት ይቻላል? በማግስቱ በጠዋት መርፌና ክሬን ጥዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ይሁን የመቅረጫው አልገባኝም፤ ልጆቹ የሚሉት አንድ፣ እኔ የማየው ሌላ ነው። በመቅረጫው ሪሞት የቀረፃዎቹን ዝርዝር አወጣሁ። ዓሣ፣ ዓሣ፣ ዓሣ፣ እያለ ይወርድና ከሥር መጨረሻ ላይ እሱ አለ። በአሮጌው ቴሌቪዥን ከአጠገቡ የዝንብ ኩስ የምታክል ነጥብ ትታየኝ ነበር፣ ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅም ፈትጌያታለሁ። አዲሱ ግን ጥርት አድርጎ አሳየኝ። ጓጉንቸር ናት። ዓሣዎቹ የላቸውም፣ እሱ ብቻ ነው ጓጉንቸር ያለው።

ያኔ ነገሩ ሁሉ የገባኝ መሰለኝ። ቆልፈውበታል፣ እውነተኛው ውስጥ ተዘግቶበት ውጭ ያለውን አስመሳይ ነው የሚያሳዩኝ አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ አያስብም ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜዬን የኖርኩት ቁልፍ ሠሪ ቤት ነው። ሰው የተቆለፈበትን ይዞ እያለቀሰ ይመጣል፣ ባሌ ይከፍትለታል፣ እየሳቀ ይሄዳል። በእኛ ቤት የተቆለፈ ነገር ማለት ያልተሠራ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ጓጉንቸር ተቆልፎ ሳየው ያሳክከኛል።

ከሪሞቱ ላይ ያሉትን ባለቀለሞቹን መጫኛዎች አንድ በአንድ ሞከርኩ። ቀዩ ዝርዝሩን ዘጋብኝ፣ አረንጓዴው ምንም አላለም። ቢጫዋን ስጫን ጓጉንቸሯ ብን ብላ ጠፋች። በራሴ ኮራሁ፣ "ያንተን ሥራ ሠራሁልህ" አልኩት ጮክ ብዬ። ከዚያ ከፈትኩት። ያው ልስልሱ ሰውዬ ነው። ቢጫዋን መልሼ ለመጫን አላሰብኩም፤ የተከፈተን ነገር መልሶ መቆለፍ ለምን ይጠቅማል?

ቅዳሜ ከሰዓት መብራቱ ቦግ አለ። የደንበኛ ኮት ገበር እየሰፋሁ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አራት ማዕዘን ነገር ብቅ ብሎ የሆነ ጽሑፍ መጣ፣ መነጽሬ ግን ስፌት መኪናው ላይ ነው። የዓሣዎቹ ማስታወቂያ ይሆናል ብዬ ሪሞቱ መሐል ያለችውን ትልቋን ተጫንኩና ገላገልኩት። ጽሑፉ ሄደ፣ መብራቱ እንደበራ ቀጠለ፣ እኔም ገበሩን ጨረስኩ።

እሑድ ልጄ ብቻዋን መጣች፤ ባሏ ጭነት ይዞ ወጥቷል። መላውን በወረቀት ጽፎ ሰጥቷት ኖሮ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብታ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈች፣ ያን ግምቱን አጠፋችው። ዜና ከፍታ አሳየችኝ፣ የዜና አንባቢዋ ፊት ላይ ቀዳዳ ቀዳዳው ሁሉ ታየ። ደስ አለኝ።

"በይ አሁን አባትሽን አምጪልኝ።"

ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደችው። ዓሣ፣ ዓሣ፣ ዓሣ። መጨረሻው ላይም ዓሣ። ወደ ላይ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ሪሞት ቀየረች። እኔ ገና ምንም አልጠረጠርኩም፣ እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማዬ፣ አባዬ የለም።"

"እንዴት የለም? እዚያው ሥር ነው ያለው።"

"የለም። ቦታ ሲሞላበት በጽሑፍ ጠይቆ የቆየውን አጥፍቶ ነው አዲሱን የሚቀርፀው። ግን እኮ የአባዬ አይጠፋም ነበር፤ ራሱ እንዳይጠፋ ቆልፎት ነበር። የቆለፈ ዕለት ለኔ አሳይቶኛል።"

እንዳይጠፋ። ሰው እንዳይከፈት ብቻ ሳይሆን እንዳይጠፋም እንደሚቆልፍ፣ ያውም ባሌ፣ ያውም በገዛ እጁ፣ እንዴት አልመጣልኝም?

"ፈታሁት" አልኳት። "እኔ ነኝ የፈታሁት። ውስጥ የተዘጋበት መስሎኝ።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ባሏ ጋ ደወለች፤ ከዚያ ሳጥን አንዴ የጠፋ አይመለስም አላት፣ ያውም ዓሣው ላዩ ላይ ተቀርፆበታል። ባሌን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ገና እንደሞተ ሆኖ አንጀቴ ተቆረጠ። የማለቅሰው በሳጥኑ ይሁን፣ በዓሣው ይሁን፣ በራሴ ይሁን አላውቅም ነበር።

ልጄ እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። "ቆይ እማዬ። ያን ቀን ለአክስቴ ልልክ የቀረፅኩት አለ። ትንሽ ነው፣ መጨረሻዋን ብቻ ነው ያገኘሁት።"

ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ያው ልስልሱ ሰውዬ፣ ጠባሳ የሌለው፣ ጣቱ የታጠበው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የቀረኝ እሱ ነው። ጠያቂዋ "ስለ ባለቤትህስ?" ስትለው ይሰማል። እሱ ቀና ይልና አንድ ነገር ተናግሮ ይስቃል።

"እዚህ ጋ ምን ነበር ያለው?" አለች ልጄ።

"'የማልከፍተው የለም፣ ሚስቴን ግን አልቻልኳትም' ነው ያለው" አልኳት ሳላመነታ።

"እኔ የማስታውሰው እንደዚያ አይደለም። 'እሷ ጋ ሳላንኳኳ ነው የምገባው' አላለም?"

ሁለቱም እሱ የሚላቸው ናቸው። ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ስንት ጊዜ ስቄ፣ አሁን የቱ እንደሆነ ጠፋብኝ። መልሳ ከፈተችው፣ ጆሯችንን ስልኩ ላይ ለጠፍን። እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከስልኩ የሚወጣው ግን የእኔ ድምፅ ነው፦ "ይሄ እሱ አይደለም፣ አጥፉት፣ ይሄ እሱ አይደለም።"