ሃምሳ ባዶ ደቂቃ

የሟቹ ስልክ የጮኸው አክስት "ሰው ማለት እሱ ነበር" የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ዞረ። ትናንት ለተቀበረ ሰው ዛሬ ሲደወል ደስ አይልም። ልጁ ተነሥታ ስልኩን አነሣችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ወደ ማድ ቤት ገባች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከጉዞ ወኪሉ ነው" አለ የአንዲት ወጣት ድምፅ። "አባባ አሉ? የመርከቡን ጉዞ ላረጋግጥ ነበር። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን።"

"የሉም" አለች። ቃሉ አልበቃትም። "አባቴ ናቸው። ትናንት ቀበርናቸው።"

የጉዞ ወኪሏ ስትመልስ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ አልነበረም። "ነፍሳቸውን ይማር። በየቀኑ ነበር የሚደውሉልኝ። አሁን ይኼንን ማንሣቴ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን ስም መቀየርም መሰረዝም የሚቻለው እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰው ነው የተያዘው፣ እሳቸውና ባለቤታቸው።"

"ይሰረዝ" ልትል አፏን ከፈተች።

"ደግሞ አንድ ነገር አለ" አለች የጉዞ ወኪሏ። "በሦስተኛው ወደብ የተያዘው መኪና ከዋሻው ሆስፒታል ቀጥታ ወደ ገበያ ይወስዳል ነው የሚለው። አባባ ባለፈው ሰኞ ደውለው ስህተት ነው አሉኝ። ላስተካክለው ስል፣ 'ተዪው፣ የጻፈችው ልጄ ናት፤ እሷው ታስተካክለው' ብለው ዘጉት። አስተካከሉት እንዴ?"

"ነገ እደውልልሻለሁ" አለችና ዘጋች። ከዚያ ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ከተደረደሩት የሻይ ብርጭቆዎች ፊት፣ ብዙ ቆመች።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበር። የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከየት ይነሣል የሚለውን በማስመሪያ እያሰመረ ሲጽፍ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ሾፌሮቹ "ደቂቃ" ይሉት ነበር፤ ሲያዩት "ደቂቃ መጣ" ብለው ሲጋራቸውን ይጥላሉ። ጡረታ ሲወጣ የሚሰማራ አውቶቡስ ስላጣ ቤተሰቡን ማሰማራት ጀመረ። ሚስቱ ከሰርጋቸው ጀምሮ ባሕር ማየት እፈልጋለሁ ስትለው ኖራለች። እሱም ከተጋቡ ከአርባ ዓመት በኋላ እሺ አላት። ግን ስንት የመርከብ ሽርሽር እያለ የመረጠው፣ ድሮ ወታደር ሆኖ የተዋጋባት ከተማ ወደብ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆመውን ነው። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ እግሩ ረግጧት አያውቅም።

ልጁ ስትሰማ ሳቀች። "አባዬ፣ ሰው በመርከብ የሚሄደው ሊዋኝ ነው። አንተ ምሽግ ልታይ ነው?"

"ምሽግም ይታያል" አለ ሳይቀየም። "ነይ፣ ለአንቺም ቦታ ልያዝ።"

"እኔ የመድኃኒት ቤቱን ለማን ትቼ? መቃብር ለማየት?"

ከዚያ ወዲያ አልለመናትም። የዘጠኙን ሰዓት ዕቅድ ግን ሦስት ወር ሠራው። ካርታ ዘረጋ፤ ርቀት ለካ። በየማታው ሚስቱን ሰፈር ውስጥ ያንሸራሽርና የእጅ ሰዓቱን በስርቆት ያያል። ምሽጉ ድረስ መቶ ሃያ ደረጃ አለ፤ እናቷ ጉልበቷን ያማታል። በአባቷ ስሌት መቶ ሃያ ደረጃ ለእሷ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅባታል፣ ካኮረፈች አሥራ አንድ። ከምሽጉ የመድፍ ኮረብታው፣ ከኮረብታው የወታደሮቹ መቃብር፣ ከዚያ ከተራራ ሥር የተቆፈረው የዋሻ ሆስፒታል። ሁሉንም በአሮጌ የስምሪት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ፣ በኮምፒውተር ገልብጣ ለወኪሉ እንድትልክለት ለልጁ ሰጣት።

ገለበጠችው። ከሰባት ሰዓት ከአሥር እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ክፍት ነበር። አባቷ በሕይወቱ አንዲት ደቂቃ ባዶ ትቶ አያውቅም፤ እርጅና ነው አለች በልቧ፣ ረስቶት ነው። ትንሽም ደስ አላት፣ እሷ ያየችው ስህተት ስለተገኘ። "የእማዬ ገበያ" ብላ ሞላችና ላከችው።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሰው ተሰልፏል።

"እዚህ ጋ ክፍት ነበር" አላት።

"አዎ፣ የረሳኸው መስሎኝ ሞላሁት።"

"አልረሳሁትም።"

አንዲት ሴት የሐኪም ማዘዣ ዘረጋችላት። ማዘዣውን አነበበች፣ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አወረደች፣ ከምግብ በኋላ ውሰጂ አለቻት። ቀና ስትል አባቷ የለም። ደውላ ምን ማለትህ ነበር ማለት ትችል ነበር። አልደወለችም። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዱን ጫማውን አጥልቆ ሌላውን ሳያጠልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ሞተ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ቀለል ሲል ሾፌሩ ማድ ቤት ገብቶ እጅጌውን ሰበሰበና ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። ሾፌሩ የአባቷ የጦር ሜዳ ጓደኛ ነው፤ በኋላም በእሱ ስምሪት ሥር ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ከቀብሩ ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ይተዉ ቢሉት አይሰማም።

"ጋሼ፣ ዋሻው ሆስፒታል ጋ ምን አለ?" አለችው።

እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አባዬ እዚያ ሃምሳ ደቂቃ ክፍት ትቶ ነበር። እኔ ገበያ ብዬ ሞላሁት።"

ሾፌሩ ብርጭቆውን አለቅልቆ ገለበጠው። ሌላ አነሣ፤ እሱንም አስቀመጠው።

"ድንጋይ አለ" አላት። "በሩ ጋ፣ ሰው የሚቀመጥበት። አባትሽ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራው ቁስለኛ ማስጫን ነበር። ማን በዚህኛው መኪና ይሂድ፣ ማን ይቆይ የሚለው እሱ ነው። ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ የእጅ ጽሕፈቱ ስለሚያምር ነው መዝገቡን የሰጡት። አንድ ቀን መኪናው ሞላ። አንድ ሆዱን የተመታ ሰው ቀረ፤ የእኛው ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ቁጭ ማለት ይችላል። ቁጭ ማለት የሚችል ተራው ኋላ ነው። አባትሽ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠውና 'ቀጣዩ መኪና በሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል' አለው። ራሱ እንዲቆጥር ብሎ ሰዓቱን አውልቆ ሰጠው።"

"መኪናው ሳይመጣ ቀረ?"

"መጣ። ከሦስት ሰዓት በኋላ።"

"ለምን?"

"ሾፌሩ ድልድይ ሥር ተደብቆ ነበር።"

"እየተተኮሰ ነበራ።"

"የተተኮሰው ግማሽ ሰዓት ነው። የቀረው ፍርሃት ነው።" እርጥብ እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ። "ሾፌሩ እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ሳሎን ውስጥ አክስት ለአዲስ እንግዳ ከመጀመሪያው ስትተርክ ይሰማል።

"ስደርስ ዳቦ ጋጋሪው እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው፣ ሰዓቱን እንደያዘ። ሞቷል። አባትሽ መዝገቡን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። የደረስኩበትን ሰዓት መጻፍ አለበት። እውነተኛውን ቢጽፍ ይረሽኑኝ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ቀልድ የለም። አየኝ። ከዚያ 'መኪናው በሰዓቱ ደርሷል፣ ቁስለኛው መንገድ ላይ አርፏል' ብሎ ጻፈ።"

"አባዬ?"

"ደቂቃ። አዎ። በዕድሜው የሐሰት ሰዓት የጻፈው ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ለእኔ። ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የስምሪት ወረቀቴን ሲፈርም ፊቴን አያየኝም ነበር። ወይ እኔ ነኝ የማላየው፤ አላውቅም። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቄው ቢሆን ምን ነበረበት? ባለፈው ወር 'ና አብረን እንሂድ፣ ቦታ ልያዝልህ' አለኝ። ባሕር ያዞረኛል አልኩት።"

"ያዞርዎታል?"

"መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አለ ሾፌሩ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ እናቷን መኝታ ቤት ውስጥ ጫማዋን እያሰረችላት ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ" አለቻት። "ስንጋባ ሰሞን አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ካልነገርኩሽ አላገባሽም ብሎ።"

"በሱ ተናዶ ነበር? በሾፌሩ?"

"በራሱ ነው የሚናደደው። መኪና መጥቶ ሳላየው ለሰው ሰዓት ሰጠሁ ይላል። አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ እንቅልፍ የሚያጣው ለምን ይመስልሻል? ደንብ አክባሪ ስለሆነ?"

"እማዬ፣ ወረቀቱን አበላሸሁበት" አለች ልጅቷ። ከቀብሩ ወዲህ ያላለቀሰችው ሁሉ አሁን መጣባት። "እኔ እንዳስተካክለው ጠበቀኝ። እዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።"

እናቷ ተዪ አላለቻትም። እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

"እኔ አልሄድም" አለች በኋላ። "ባሕሩን ያልኩት ከሱ ጋር ነበር። በእኔ ቦታ አንቺ ግቢ። በእሱ ቦታ ሾፌሩ ይግባ።"

"እምቢ ይላል።"

"ይበል እስቲ። አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ? ድንጋዩን የሚያውቀው እሱ ነው።"

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳሎን ውስጥ አራቱ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ለቀስተኛ ወደየሥራው ሄዷል። ነገሩን ስትሰማ አክስት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ሐዘኑ ሳይወጣ መርከብ? ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የፈለገውን ይበል" አለች እናቷ። "ትናንት ማታ ቴሌቪዥኑ ይከፈት፣ ዜና ያመልጠናል ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ሰው ምንም አላለሽም።"

አክስት የምትጠጣውን ሻይ መመልከት ጀመረች።

ሾፌሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። "እኔ ምን ፊት አለኝ?" አለ። "እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ? ተቀይሞኝ ሞቶ ቢሆንስ?"

የሚያጽናና ነገር መናገር ለእናቷ ቀላል ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ እሷም እንዲህ ያለውን ስትሰማ ውላለች።

"እሱን ሆኜ ልመልስልህ አልችልም" አለችው። "ሳይነግረኝ ሞቷል። ከአንተ ጋር ልሄድ ብሎ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ባሕር ያዞረኛል ብለህ ስትመልሰው፣ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።"

ሾፌሩ ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ።

ልጅቷ ደወለች። ሁሉም እንዲሰሙት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በእናቷ ቦታ የራሷን ስም ሰጠች። የመድኃኒት ቤቱ ነገር ትዝ አላት፤ ይዘጋ አለች በልቧ።

"መኪናውስ?" አለች የጉዞ ወኪሏ። "ገበያው ይቅር?"

"ይቅር። ከሰባት ከአሥር እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ይሁን።"

"አባባም እንደዚያ ነበር ያሉት። ቅጹ ግን ክፍት አይቀበልልኝም። አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ምን ይታያል እዚያ?"

"ምንም አይታይም" አለች ልጅቷ። "መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ ሃምሳ ደቂቃ ይቆማል በይ። እኛ እንቀመጣለን።"

የመጻፊያው ድምፅ ተሰማ። "እሺ፣ ገብቷል። ሁለተኛው መንገደኛስ? ስም ካልሰጣችሁኝ ቦታው ይሰረዛል። ሰባት ደቂቃ ነው ያለን።"

ልጅቷ ሾፌሩን አየችው። ልትለምነው አልፈለገችም፤ አባቷም አንዴ ጠይቆ የሚተው ሰው ነበር። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሾፌሩ ዓይኖቹን መሬት ላይ እንደተከለ ቆየ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለትም አለፈ።

"ሃሎ? አላችሁ?" አለች የጉዞ ወኪሏ።

ሾፌሩ ተነሣ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው። ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ወደ ስልኩ ዞሮ ቆመ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጠራ። ማንም ሳይጠይቀው ስድስት አኀዝ ያለው ቁጥር ጨመረበት።

"ቁጥሩ የመታወቂያ ነው?" አለች ወኪሏ።

"የውትድርና ነው" አለ። "መታወቂያዬ ቤት ነው ያለው፣ አመጣዋለሁ።"

"እሺ አባባ፣ ስሙ ይበቃኛል። ተመዝግበዋል።"

ስልኩ ተዘጋ። ሾፌሩ ግን አልተቀመጠም፤ ሌላ ጥያቄ የሚጠብቅ ይመስል እዚያው ቆሞ ቀረ። እናቷ ካለችበት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና፣ የኮቱን ጫፍ ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው።