ሎሚ ያላበሰለው

የአጎቴ የኒካኖር የመጨረሻ የዛጎል ጆንያ እሱ ከተቀበረ በኋላም ከቤቱ ሥር ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛጎሎቹ በሕይወት ነበሩ። ባሕሩ ሸሽቶ የቤቱ ምሰሶዎች ጭቃው ላይ ራቁታቸውን ሲቆሙ፣ ከወለሉ ጣውላ ሥር አፋቸውን ሲዘጉ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም። አክስቴ ኤውዶሲያ መጥረጊያዋን ይዛ ቆም ትልና፣ «ኒካኖር ነው፤ እየቆጠራቸው ነው» ትላለች። ትቀልድ አትቀልድ አላውቅም።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር ጥቁር ዛጎል ሲለቅም ኖሮ፣ ተቅማጥና ትውከት በአንድ ቀን አድርቆ ጨረሰው። ኮሌራ ነው አሉ። ሊሞት ሲል አክስቴን ጠርቶ፣ «ጆንያውን ሐዘኑ በሚዘጋበት በዘጠነኛው ቀን ለሐዘንተኛው አብይ፤ በሎሚ፣ እኔ እንደምወደው» አላት። የሟች ቃል ነውና ማን ያጥፈዋል?

ዛጎል የምንበላው ሎሚ ጨምቀንበት በጥሬው ነው። ለቃሚ ሁሉ ዛጎሉ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ከቤቱ ሥር ያንጠለጥለዋል። የየቤቱ መጸዳጃም የሚወርደው እዚያው ውሃ ላይ ነው፤ ይህን ግን ማንም አያነሳም። ግብዣውን ከሁሉ በፊት የምትቀምሰው ደግሞ አጎቴ እንደ ልጁ ያሳደጋት እህቴ ኔሪዳ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደርሷል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አክስቴን፣ «የገደለውን ነገር ልታበይን ነው?» አልኳት።

«ያንቺ ምላስ እኮ ከቢላዬ ይሰላል። የጤና ጣቢያ ሰዎች ውሃውን መርምረው ምንም የለም ብለዋል።»

«ምንም አላገኘንም ነው ያሉት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ምሁሯ?»

ምሁርነቴን ማንም አልሰጠኝም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ያልገባኝን የጤና ጣቢያዋን ነርስ እስክሰለቻት እየጠየቅሁ ያመጣሁት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ነገርኳት። የኮሌራዋ ባክቴሪያ ሲከፋት ትኮማተርና ታደባለች። መመርመሪያው ሳህን ላይ ቢያኖሯት አትራባም፤ የለችም ይባላል፤ እሷ ግን እዚያው አለች። ውሃው ሲሞቅላት ወይም የሰው ሆድ ስታገኝ ትነቃለች።

«እንግዲህ እንደ ኒካኖር ናት» አለች አክስቴ፤ «እሱም ምሳ በልቶ ሲተኛ የሞተ ይመስል ነበር።» ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ሐዘንተኛው ሲሰበሰብ የአጎቴ የታንኳ ጓደኛ፣ ሽማግሌው ቴልሞ፣ ቢላ እየሳለ፣ «ኒካኖር ቆሞ ሳለ አንዲት ዛጎል ጋብዞኝ አያውቅም፤ መሞቱ ለእኔ በጀኝ» አለ። ጆንያውን ጎትተው አወጡና ወለሉ ላይ ፈቱት። ዛጎሎቹ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ነበር። የአክስቴ ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተከረቸሙ፤ ድምፁ አንድ ነበር።

ቴልሞ አንዱን ፈልቅቆ ለኔሪዳ ሰጣት።

«እቴ፣ አትብዪ» አልኳት።

«ቃሉ ነው፤ ምን ላድርግ?»

«ሎሚው ያበስለዋል» አለች አክስቴ።

«የበሰለ ነገር አይሸሽም» አልኩና ሎሚውን እህቴ መዳፍ ላይ ባለው ዛጎል ላይ ጨመቅኩት።

ሥጋው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀስ እያለ ጠርዙን ሰብስቦ፣ መብራት ሲመጣበት ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር በሽተኛ፣ ከጠብታው ራቀ። ጥግ ይዞ ተጠቀለለ። የሸሸበት ቦታ ላይ ጥቁር ውሃ ቀረ። ኔሪዳ መዳፏን ከአፏ አራቀች።

«ልድገመው?» አልኩ።

«ለእኔ ይቅርብኝ» አለ ቴልሞ፣ ቢላውን እያስቀመጠ።

አክስቴ ዛጎሉን ትክ ብላ አየችው። «ኒካኖርን ውሃ ላጠጣው ስል እንዲህ ነበር የሸሸኝ» አለች በቀስታ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «በሎሚ አለ እንጂ በጥሬው አላለም። ድስቱን ጣዱ» አለች።

የኔሪዳን እጅ በሳሙና አሳጠብኩ። ዛጎሎቹ ፈልተው፣ አፋቸው ወለል ብሎ፣ ሥጋቸው እስኪጠነክር ድረስ ድስቱ አጠገብ ቆምኩ፤ ማንንም አላስጠጋሁም። ሎሚው ከዚያ በኋላ ተጨመቀ። እህቴ መጀመሪያ ቀመሰች። ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲያ ከድስቱ የበላ አንድም ሰው አልታመመም። በራሴ ኮርቼ ነበር፤ ለምን አልኮራም?

እንግዳው ሲበታተን ወደ ጭቃው ወደሚያወርደው መሰላል ወጣሁ። ባሕሩ እየተመለሰ ነው። አክስቴ ጣውላው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሽርጧ አንድ አንድ እያነሳች ወደ ታች ትጥላለች።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው?»

«ትንንሾቹ ናቸው። ድስት ውስጥ ሳይገቡ ለየኋቸው። ይደጉ እንጂ።»

ትንሽ ዛጎል ወደ ጭቃው ይመለሳል። በእኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ለቃሚ የለም፤ አጎቴ ሰክሮ እንኳ አፍርሶት አያውቅም። ሽርጧን ያዝኩት፤ ባዶ ነበር። ያደባችው ባክቴሪያ በውስጣቸው ካለች አብራቸው ወርዳለች። ተንደርድሬ ወርጄ ጭቃውን በመቅዘፊያ ጫርኩ። የተጣሉት በጠርዛቸው ቆመው፣ ቀስ እያሉ ይሰምጡ ነበር። አንዱን ስደርስበት ሌላው ይጠፋል፤ ከዚያ ውሃው መጣና ሁሉንም ሸፈነው።

ወደ ላይ ቀና አልኩ። ኔሪዳ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

ከእግሬ ሥር ቀጭ አለ። ቀጥሎ ከወዲያኛው ምሰሶ ሥር።

«ይኸው» አለች አክስቴ ጆሮዋን አዘንብላ፤ «መቁጠር ጀመረ።»