በመስመር ያልበቀሉ ዛጎች

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኡድቫልም ዣኦን ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሳችውም።

ሰውየው ከከተማ መጥቶ፣ በአላሻ በረሃ ግመሎቿ የሚግጡትን የዛግ ቁጥቋጦ ሁሉ እኔ ነኝ የተከልኩት ብሎ አመለከተ። የተከለ መሬቱን ይይዛል ተብሎ ተፈረመለት፤ አጥሮ አስወጣቸው። ባሏ ዳምባ ግጦሽ ሲያጣ ግመሎቹን አንድ በአንድ ሸጠ። የመጨረሻዋን በሸጠ ማግስት አልጋ ያዘ፤ በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ዛጉ በእርግጥ የተተከለ መሆኑን የሚያጣሩ መርማሪዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ዣኦ ጭንቅ ሲይዘው፣ ዓይን አውጣ ነውና፣ እሷኑ ሊያማክር ድንኳኗ ድረስ መጣ። ሻይ ቀዳችለት።

«ሰው የተከለው መስመር ይይዛል፣ ልጄ» አለችው። «ያንተ ዛግ እንደ ገበያተኛ የትም ተበትኖ ቆሟል። ማን ያምንሃል?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ እማማ?»

«ከመስመር የወጣውን መንቀል ነዋ።»

የዱር ዛግ የነቀለ ወህኒ እንደሚወርድ በአላሻ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ዣኦ ግን የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲል ከርሞ ውሸቱን ራሱም አምኖት ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ አስነቀለ። ኡድቫል የአሸዋ ጉብታ ላይ ተቀምጣ አየች።

መርማሪዋ ወይዘሪት ሺ መጣችና ሜትሯን ዘርግታ ከአንዱ የነቀላ ጉድጓድ ወደ ሌላው ለካች። ትንንሾቹ ጉድጓዶች በትልልቆቹ ዙሪያ ተኮልኩለዋል፤ ትልልቆቹ ውሃ ስለሚሻሙ ተራርቀዋል። ዛግ በራሱ ሲበቅል እንዲህ ነው። በመስመር የቀሩትም ቢሆኑ ሽማግሌና ጨቅላ ጎን ለጎን ናቸው፤ በአንድ ዓመት የተተከለ ነገር እንዲህ አይሆንም። የዱር ዛግ ነው ብላ ጻፈች።

ዣኦ ወደ ኡድቫል ጠቆመ። ንቀል ያለችው እሷ መሆኗን ተናገረ።

«ብያለሁ» አለች። «አንተ ተክለኸው ቢሆን ኖሮ ግን መንቀሉ ያሳሳህ ነበር።»

ይዘውት ሄዱ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። መርማሪዋ ወደ እሷ ዞር ብላ፣ አንቺንስ አላሳሳሽም ወይ ስትል ጠየቀቻት።

«አሳስቶኛል። ዳምባ ግን ይበልጥብኛል።»

መሬቱ ተመለሰላት። በጸደይ ንፋሱ የሚያግደው ዛግ አጥቶ አሸዋውን እያመጣ የውሃ ጉድጓዷን ይደፍነው ጀመር። በየጠዋቱ አካፋ ይዛ ትዝቃለች። አልጸጸተሽም ወይ ላላት ሁሉ፣ ዣኦ እስር ቤት እስካለ ድረስ አሸዋው ቀላል ነው ትላለች።