መሬት ያልነካ ጎማ

ጎማ ቁጭ ብሎም ያረጃል ስል ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? ባሌ ሞቶ ሱቁን ስረከብ "ደግሞ ሴት ጎሚስታ!" ብለው የተሳለቁብኝ ሁሉ፣ ዛሬ ጎማቸው ሲተነፍስ "እትዬ፣ በሞቴ ድረሺልኝ" እያሉ ነው የሚመጡት። አፏ መራራ ነው ይሉኛል። አዎ፣ መራራ ነው። ጎማ ላይ የሚያባብል አፍ ሰው ይገድላል።

በእኛ ሱቅ ባሌ ያቆመው አንድ ሕግ አለ። "እይልኝ" ተብሎ የመጣ ጎማ ጊዜው ካለፈበት፣ ባለቤቱ ዓይን ፊት ጎኑን በቢላ እንቀደዋለን። አለዚያማ አንዱ ብልጣብልጥ ከቆሻሻ ላይ አንስቶ፣ አጥቦ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ለሌላ ምስኪን ይሸጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያልፈለገ አያመጣም።

እሳቸው ግን አመጡ። ቅዳሜ ጠዋት ገና በሩን ከፍቼ ሳልጨርስ፣ የልጅ ልጃቸው የምትነዳት ትንሽ መኪና ደጄ ላይ ቆመች። ከኋላ ወንበሩ ላይ በንጹህ አንሶላ የተሸፈኑ አራት ጎማዎች አሉ። ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ወረዱ።

"ግጠሚልን" አሉኝ። "መጀመሪያ ግን እዪያቸው። ለወጉ ያህል ነው እንጂ መታየትስ አያስፈልጋቸውም።"

ሰፈሩ "አባ ቆጥብ" ነበር የሚላቸው። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ጠማማ ሚስማር አቃንተው የሚያስቀምጡ፣ አዲስ ሸሚዝ ቢገዛላቸው አሮጌው ተቦጫጭቆ እስኪያልቅ ከሳጥን የማያወጡ ሰው። ድሮ ፊት ለፊት በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ስሙን ከአፉ የሚያወጣ የለም።

ልጃቸው ታክሲ ነጂ ነበር። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ፈንድቶ መኪናዋ ገደል ገባች። የፈነዳው ጎማ ያለቀ፣ ሽቦው የወጣ ነበር። እነዚህ አራት አዳዲስ ጎማዎች ግን ያን ዕለት አባቱ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ራሱ ልጁ ነው የገዛቸው። ለምን እንዳልገጠማቸው ደፍሮ የጠየቀ ሰው የለም። የሱ ሴት ልጅ ለአያቷ ቀረች። አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ አዋላጅ ሆነች። አሁን ሩቅ ቦታ ተመድባ ሰኞ ልትሄድ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። ሽማግሌው "የልጄ ጎማ ለልጁ" እያሉ ሲጠብቁ የኖሩት ቀን ይኸው ደረሰ። አባት በሕይወቱ ያልተጠቀመበት ነገር ልጁን በደህና ያድርስልኝ ነው ጸሎታቸው።

አቀማመጣቸውንስ ማን ይችለዋል! ያኔ ገና ባሌ በሕይወት እያለ መጥተው ጠየቁት፣ እሱም ነገራቸው። ፀሐይ አያግኛቸው፣ ዘይትና ቤንዚን አይጠጋቸው፣ አይደራረቡ፣ ይቁሙ፣ አንድ ጎን ላይ ብቻ እንዳይተኙ በየጊዜው ይዙሩ። እሳቸው የጓዳውን መስኮት በሳንቃ ዘጉ። የእንጨት መደርደሪያ ሠሩላቸው። በየወሩ እየገቡ ትንሽ ትንሽ ያዞሯቸዋል፣ በደረቅ ጨርቅ ያብሷቸዋል። ልጅቷ እንደነገረችኝ ደግሞ ያወሯቸዋል።

አንሶላውን ገለጥኩት። ጉድ ነው! እንዲህ የተያዘ ጎማ አይቼ አላውቅም። ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የምትቆመው የጎማ ፀጉር እንኳ አልረገፈችም። ልቤ ደስ አለው፣ አልዋሽም። ከዚያ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈለግኩ። ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። አነበብኩ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ይቺ አዋላጅ ገና ተማሪ ቤት ሳትገባ የተሠሩ ጎማዎች ናቸው።

በጉልበቴ ጫን አድርጌ ገለበጥ ሳደርገው በጥርሶቹ መሃል ስንጥቁ ታየ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ዙሪያውን። ጥፍሬን ብጭንበት እንደ ቀንድ ደርቋል። ሁለተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ያው ናቸው።

"አባባ፣ አይሆኑም" አልኩ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አርጅተዋል። ውስጣቸው ደርቋል። በዚያ ሙቀት ዕቃ ተጭኖባቸው ይፈነዳሉ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ መሬት አልነኩም እኮ! አንዲት ቀን መሬት አልነኩም!"

"ባይነኩም አባባ። ጎማን መንገድ ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፣ አየርም ጊዜም ይበላዋል። ጥሩ አድርገው ስላስቀመጡት ቀስ ብሎ አረጀ እንጂ ማርጀቱስ አልቀረም።"

"ባልሽ ቢኖር እንዲህ አይለኝም ነበር።"

ይህቺ ነገር ደሜን አፈላችው። "ባሌ ቢኖር እስካሁን ቀዶት ነበር!" ብዬ ጮህኩባቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። በጓሮ በኩል ወዳለው የውሃ ቧንቧ ሄዱ።

ልጅቷ እሳቸው ዞር እስኪሉ ጠብቃ ክንዴን ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ደህና ናቸው በያቸው።"

"ምን?"

"ግጠሚልኝና ልሂድ። እዚያ ስደርስ እቀይራቸዋለሁ። አያውቁም። እሳቸው ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት፣ አሁን 'አይሆንም' ከተባሉ ይሞቱብኛል። በእናትሽ እትዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ሆዴ ራራ። ደህና ናቸው ብል ሽማግሌው ፈገግ ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ከዚያ ያ ቁልቁለት መጣብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?" አልኳት። "እሳቸውን ላስደስት ብለሽ ልትሞቺ ነው?"

"ምን አልሽ?" አለ ከኋላችን ድምፅ። ሽማግሌው የጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ምንም አላልኩም አባባ" አለች ልጅቷ።

"ምን አልሻት ነው የምልሽ!"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "ቀስ ብዬ እነዳለሁ ነው ያልኳት።"

የበሩን መቃን ያዙ። የሚወድቁ መስሎኝ ሮጬ ደገፍኳቸው፣ እጄን አስለቀቁኝ።

"አባትሽም ይህንኑ ነው ያለኝ" አሉ። "'ዛሬ ልገጥማቸው ነው' ሲለኝ 'ቆይ፣ አሮጌዎቹ ትንሽ ይሂዱልህ፣ አዲሱን ምን አስቸኮለህ' አልኩት። ጎማው ማለቁን እሱ ያውቀው ነበር። እንዳይከፋኝ ብሎ 'እሺ አባባ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ' አለኝ። እኔን ደስ ይበለው ብሎ።"

እሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ቢላውን አምጪ።"

"እኔ እቀደዋለሁ አባባ።"

"አምጪ አልኩሽ።"

ሰጠኋቸው። የደረቀ ጎማ ለጎረምሳም አይቀልም፤ እሳቸው ግን የአናጢ እጅ ነው ያላቸው፣ አልሳተም። የመጀመሪያውን ቀደዱ። ሁለተኛውን ቀደዱ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ቁጭ አሉና አራተኛውን አቅፈው ቆዩ። በእጃቸው መዳፍ እንደ ሕፃን ጀርባ ይደባብሱታል።

"ይቺን ተዪልኝ" አሉ። "ማንም አይነዳባትም። እንዲያው እቤት ትቀመጥልኝ።"

እኔ ሕግ ነው ባይዋ፣ አፈ መራራዋ፣ በዚያች ሰዓት እምቢ ማለት አቃተኝ። "ይውሰዷት አባባ" አልኩ።

ልጅቷ ልትቀበላቸው ጎንበስ ስትል ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይሆንም" አሉ። "እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ካስቀመጥኳት አንድ ቀን 'ኧረ አዲስ ናት' ብዬ ለአንዱ የሰው ልጅ እሰጣታለሁ።"

ቢላውን አነሱ። ይቺኛዋ ላይ ጉልበታቸው አልቆ ነበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ስትቀደድ ቢላው ከእጃቸው ወደቀ፣ እሳቸውም የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። በቀብሩ ቀን እንኳ ያን ያህል ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

"ቆይ ብዬ ገደልኩት" አሉኝ። "አንቺ እውነት ተናጋሪ ነሽ፣ ንገሪኝ። ቆይ ብዬ አይደል የገደልኩት?"

አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ።